ጣና ዳር ቤት ሠርቶ ገንዳ መመኘት

ባሕር ዳር ላይ «ግቢዬ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ላሠራ ነው» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ሳቅ ነው። ቀጥሎ «ሐይቁን የት አድርገኸው?» ይባላል። በሳቁ አይፈረድም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውሃ ደጃፍ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ በቦቴ ውሃ አስመጥቶ በሲሚንቶ ማጠር ለሰሚው ግራ ነው።

መልሱ ግን አጭር ነው። ቢልሃርዚያ።

እዚህ ያደገ ልጅ ዋና የሚማረው ሐይቁ ውስጥ ወይም ዓባይ ላይ ነው። ቢከለክሉትም አይሰማም። ችግሩ ያለው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ሣርና ደንገል በሚበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ይኖራል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ተውሳክ ለዓይን አይታይም። ቆዳ በስቶ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ይሠራልም። ግን የዳነው ልጅ በማግስቱ ተመልሶ ከገባ እንደገና ሊይዘው ይችላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ከጉማሬ ጋር ቀልድ የለም። ስለዚህ «ሐይቅ አለላችሁ» የሚለው ክርክር ለዓይን እንጂ ለገላ አይሠራም።

ይህን ሁሉ ማጥናት የጀመርኩት በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ነው። የሚኖረው አሜሪካ ነው። ለእማዬና ለእኔ መኖሪያ፣ ለእሱ ደግሞ መምጫ የሚሆን ጂ+1 ቤት እዚህ እያሠራ ነው። ሥራውን የምከታተለው እኔ ነኝ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ እሱ ግን ብር በላከ ቁጥር «ኢንጂነሯ» ይለኛል። ግድግዳው ሲጀመር በቴሌግራም ፎቶ ያዘንብ ጀመር። ሰማያዊ ገንዳ፣ ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ፣ ዳር ላይ ዘንባባ። (ዘንባባውስ አለን።) በመጨረሻ አንድ መልእክት መጣ። «ወይ ገንዳ ወይ ሳውና። ሁለቱንም አልችልም። አንቺ አጥኚና ንገሪኝ።»

ሰው ስለ ገንዳ ሲያስብ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ የጠየቅኩት ወሩን ነው።

ወንድሜ ከነልጆቹ የሚመጣው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ልጆቹ አትላንቲክን ተሻግረው መጥተው ጃንጥላ ይዘው ገንዳ ሊያዩ ነው። እውነተኛው የገንዳ ወቅት መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ያኔ ቀኑ እስከ 30 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ያኔ ቤት ያለነው ግን እኔና እማዬ ነን። እማዬ በዚህ ዕድሜዋ የዋና ልብስ? ይቅርባት።

«ለገናና ለጥምቀት እንመጣለን» ብሎም ተከራከረ። ጥሩ። ታኅሣሥና ጥር ፀሐይ አለ፤ ሌሊቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ውሃ ሌሊት ያጣውን ሙቀት ቀን በቀላሉ አይመልስም። ለዋና የሚመች ውሃ 26 እና 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሱ የሚፈልገው 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር የሆነ ገንዳ ነው። 41,600 ሊትር ይይዛል። ይህን ውሃ በ6 ዲግሪ ብቻ ለማሞቅ 290 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ከ80 ሰዓት በላይ ሳያጠፉ እንደማቆየት ነው። እሱም ውሃው ሙቀቱን ቢይዝልን ነው፤ አይዝም። ከአየር ሙቀት እየሳበ ውሃውን የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያ ፍጆታውን ወደ አንድ አምስተኛ ሊቀንሰው ይችላል፤ ግን የሚመጣው በዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚመጣ ነገር ዋጋ ስጠይቅ ቁጭ ብዬ ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ። አንድ ቦቴ 10,000 ሊትር ቢይዝ፣ ገንዳውን ለመሙላት አራት ቦቴ መጥቶ ትንሽ ይጎድላል። ያ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይና ነፋስ በየቀኑ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጣና ራሱ በትነት ብቻ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ ውሃ ከላዩ ያጣል። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጠለቀ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ገንዳም ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። በደረቅና ነፋሻ ቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢያጣ፣ በ32 ካሬ ሜትር ላይ 160 ሊትር ነው። ስምንት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ በየቀኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጎረቤት ሮቶው ደርቆበት ጄሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ በአጥሬ ሥር ቱቦ ገንዳ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማው? እኔ አልችለውም። ይህ ፊዚክስ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ግን ሒሳብ ውስጥ ገብቷል።

ሽፋን ትነቱን በጣም ይቀንሰዋል። ሙቀቱንም ያስቀርለታል፣ ምክንያቱም ገንዳ ከሁሉ በላይ ሙቀት የሚያጣው በትነት ነው። ገንዳ ለማሠራት የቆረጠ ሰው ካለ ከዘንባባውና ከነጩ ድንጋይ በፊት ሽፋን ይግዛ።

ስለ እንክብካቤው የጠየቅኩት ገንዳ ያላቸውን ሰዎች ነው። አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። ባለቤቱን ስጠይቀው «ምንም ችግር የለውም» ይላል። ከዚያ ዘበኛውን እጠይቃለሁ፤ እውነተኛው መልስ ያለው እሱ ጋ ነው። ገንዳ ያለበት ቤት ሁሉ የገንዳ ሠራተኛ አለው። ብዙ ጊዜ ስሙ ዘበኛ ነው፤ ደመወዙም የዘበኛ ነው።

ሥራው ይሄን ይመስላል። ጠዋት የረገፈውን ቅጠል በመረብ ማውጣት። ፓምፑን ማስነሳት፤ ውሃው በሙሉ በ6 ወይም በ8 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በአሸዋ ማጣሪያው ማለፍ አለበት። ማጣሪያው ሲደፈን ውሃውን ወደኋላ እየገፉ ማጠብ፤ በዚያም ብዙ ውሃ ይፈሳል። ክሎሪኑን መለካት፤ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃውን አሲድነት መለካት፤ ከ7.2 እስከ 7.8። ለ40,000 ሊትር ውሃ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 60 ግራም ቢጨመር መጠኑ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ ይላል። የእኛ ፀሐይ ግን ክሎሪንን ትበላዋለች፤ ማረጋጊያ ካልተጨመረ ጠዋት የተደረገው ከሰዓት የለም። ዱቄቱን ደግሞ ከአሲድም ከነዳጅም አርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሲበጠበጥም ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ይህን ሁሉ ለዘበኛው ማን አስተማረው? ማንም።

አሁን መብራት ሄደ እንበል። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ፓምፑ ቆመ። ክሎሪኑ አለቀ። ውሃው መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ለፎቶ አያምርም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ወባ የሚደርስበት ከፍታ ነው። የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘው የቆመ ውሃ ትወዳለች። ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ በሚበረታበት ጊዜ፣ ባለቤቱ አሜሪካ ተመልሶ የተዘነጋ ገንዳ ለሰፈሩ ምን እንደሚያተርፍ አስቡት።

ልጆች ላሉበት ቤት አጥር ግዴታ ነው። ቢያንስ 1.2 ሜትር ቁመት ያለው፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ። ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም። ፊልም ላይ እንዳለው እጁን አያወናጭፍም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሰጥመው። በዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለወንድሜ ልኬ ነበር። «አንቺ ድሮም ተስፋ ማስቆረጥ ታውቂበታለሽ» አለኝ። ነገሩን የቆረጠው የእኔ ሒሳብ ሳይሆን ጉድጓዱ ነው።

ቦታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ፎርማኑ «እስቲ መጀመሪያ እንሞክረው» ብሎ ገንዳው ይሆናል በተባለበት ጥግ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጊዜው መስከረም መጨረሻ ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ሐይቁ ሞልቶ ከፍተኛው ላይ የሚደርስበት ወቅት ነው። ሁለት ቀን ሠራተኞች በዶማና በአካፋ ወረዱ። ላይ ላዩ ቀይ አፈር ነው። ዝቅ ሲል ጥቁሩ መጣ፣ ዋልካ፤ ከአካፋው ላይ አልላቀቅ የሚል፣ ጫማ የሚያወልቅ። ማታ ሲለቁ ጉድጓዱ ደረታቸው ድረስ ነበር፤ ታቹ እርጥብ እንጂ ውሃ አልነበረውም። ጠዋት ስንመጣ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ውሃው ቡና መስሏል። አንዲት እንቁራሪት ገብታ ዳሩን ይዛ ተቀምጣለች። ፎርማኑ አየኝና «ቲቸር፣ ገንዳው ራሱ መጥቷል» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሆዴ ሌላ ነገር እያሰላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ገንዳ ሲያስብ የሚፈራው ውሃው እንዳይፈስ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ግን ዋናው ጠላት ከውጭ ያለው ውሃ ነው። ባዶ ገንዳ ታንኳ ነው። ዙሪያውን ያለው ውሃ ከወለሉ በአንድ ሜትር ከፍ ካለ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በአንድ ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። 32 ካሬ ሜትር ከሆነ 32 ቶን። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል በካሬ ሜትር የሚመዝነው ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ገንዳው ሲሞላ የውስጡ ውሃ ይጫነዋል፤ ችግር የለም። አጸዳለሁ ብላችሁ መስከረም ላይ ባዶ ያደረጋችሁት ዕለት ግን ወለሉ ሊሰነጠቅ፣ አለዚያም ገንዳው እንዳለ ሊነሳ ይችላል። የዋልካው ጣጣ ሌላ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ በመካከሉ ያለውን ግድግዳ አይምርም።

መፍትሔ የለውም አልልም። ከወለሉ ሥር ጠጠር ተነጥፎ ውሃው የሚወጣበት ቧንቧ ይዘረጋል። ወለሉ ላይ የውጭው ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈት ቫልቭ ይገጠማል። ዋልካው ተጠርጎ በተመረጠ አፈር ይተካል። በእርጥብ ወራት ገንዳው ባዶ አይደረግም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ መሐንዲስ ካላችሁና ገንዘቡ ካላችሁ ይሁንላችሁ። ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ያለ ድንጋያማ ቦታ ላይ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ይህ ጭንቀት ብዙም አይነካውም። እሱ የሚያስጨንቀው ድንጋዩን መስበሩ ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣ የፋይበር ግላስ ገንዳ አለ የሚሉም አሉ። መኖሩስ አለ። ግን ስምንት ሜትር ዕቃ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ያለውን የዓባይ በረሃ መንገድ ሳስበው ሹፌሩ ያሳዝነኛል። ቀሎ መምጣቱም ለእኛ ቦታ ጥቅም አይደለም፤ ቀላል ዕቃ ይበልጥ ይንሳፈፋል።

ለልጆቹ ያልኩት ሌላ ነው። መሬት ላይ የሚቆም፣ ብረቱ ተገጣጥሞ በወፍራም ፕላስቲክ የሚወጠር ገንዳ አለ። ስፋቱ 3.66 ሜትር፣ ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር የሆነው 6,500 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፀሐይ የወጣ ዕለት ይንቦጫረቁበት፤ ሲሄዱ ተጣጥፎ ዕቃ ቤት ይገባል። ወንድሜ «ይሄማ መጫወቻ ነው» አለ። አዎ፣ ለልጆች ነዋ።

በነገራችን ላይ በዚህ አካባቢ ገንዳና እንፋሎት አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር ላይ የፋሲለደስ መዋኛ አለ። ንጉሡ የነገሠው ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ነው። መዋኛው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ ዛሬ ሞልቶ የሚታየው ለጥምቀት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ ነው። ለዓመት አንድ ጊዜ በዓል ብቻ መሙላት፣ ለእኔ ከሰማኋቸው የገንዳ አያያዞች ሁሉ ብልሁ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት አለ። ሰው ከእነ ድካሙ ገብቶ አልቦ መውጣት ከጥንት ይፈልጋል።

ወደ ሳውናው እንምጣ። በእኛ ከተማ ሆቴሎች ሳውናና ስቲም አብረው ስለሚጠሩ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ሳውና የእንጨት ክፍል ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ይሞቃል። የጋለ ድንጋይ ላይ በጭልፋ ውሃ ሲደረግ እንፋሎቱ ብው ብሎ ይነሳል፤ ፊንላንዶች ሎይሊ ይሉታል። ስቲም በሴራሚክ የተለበጠ ክፍል ነው፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጉም ብቻ ነው። ስቲም ለቤት አልመክርም። ክፍሉ ጥብቅ ብሎ መታሸግ አለበት፤ በሐምሌ እርጥበት ላይ ሌላ እርጥበት ተጨምሮ ግድግዳው ሻጋታ ያበቅላል። ኢንፍራሬድ የሚባለው ደግሞ ከ2 ኪሎ ዋት ባልበለጠ ኃይል በተራ ሶኬት ይሠራል፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው። መስመሩ ደካማ ለሆነ ቤት ይሻላል። ብቻ ድንጋይም ውሃም ስለሌለው ለእኔ ሳውና አይደለም። ማሞቂያ ነው።

ፊንላንድ 5.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዛ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሳውና አላት። የሳውና ባህላቸው በ2020 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አማራ ክልል ፊንላንዶችን የሚያውቃቸው ግን በሌላ ነው። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክልሉ የገጠር ውሃ ሥራዎችን ሲደግፉ ነበር። የሚያሞቁት ነገር ሳይነግሩን የሚጠጣውን አስቆፈሩልን። ጥሩ ቅደም ተከተል ነው።

ለአራት ሰው የሚሆን፣ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ከፍታው 2.1 ሜትር የሆነ ክፍል 6.3 ሜትር ኩብ ነው። ግምቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ዋት። ስለዚህ 6 ኪሎ ዋት ማሞቂያ። በ220 ቮልት 27 አምፒር ገደማ ይስባል። ከምጣዱ ጋር ከአንድ መስመር ላይ አይሆንም። የራሱ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ የተስተካከለ የመሬት መስመር ይፈልጋል። ስሪ ፌዝ ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው። ፍጆታው ግን አያስደነግጥም። አሙቆ ለመታጠብ አንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢወስድ ነው። ውሃው? አንድ ባልዲ፣ ሲታጠቡ ደግሞ ሁለት ሦስት። ገንዳው በአንድ ቀን ለፀሐይ የሚሰጠው ለአንድ ወር ሳውና ይበቃል ብል ብዙም አላጋነንኩም።

እኔ ግን የእንጨት ምድጃውን መረጥኩ። መብራት በሄደ ማታ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሐምሌ ላይ ለሚመጣ ወንድም የሚሆነውም ይሄው ነው። ምድጃውን ብየዳ ቤት ይሠራል። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ካልሆነ ግን ቶሎ ይቃጠላል፤ ቀጭኑን «ይበቃል» ሲሉኝ አልተቀበልኩም። ጭስ ማውጫው ጣሪያውን በሚያልፍበት ቦታ ከእንጨቱ በደንብ መራቅ አለበት። ለማገዶ ባሕር ዛፍ አለ፣ ከሜጫ በኩል እንደ ልብ ይመጣል። ድንጋዩ እንኳን ነፃ ነው፤ ከተማው የተቀመጠው በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ብቻ ቀዳዳ የበዛበትን ትታችሁ ከባዱንና ድፍኑን ምረጡ። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ እሳት ላይ አታድርጉ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ሊፈነዳ ይችላል።

እንጨቱ ላይ ከአናጺው ጋር ተከራክረናል። እሱ ጥድ አለ፣ ስለሚሸት። ዝግባም ያምራል። ግን ጥድም ዝግባም ዋንዛም ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ የተከለከለ ነው፤ ከየት እንደመጣ ሳይነግረኝ የሚሸጥልኝን ሰው አልፈለግኩም። በመጨረሻ ተተክሎ የበቀለ ግራቪሊያ ሆነ። ቫርኒሽ አይቀባም፣ ሲግል ይሸታል፣ ይተናል። ምስማሩ ራሱ እንጨቱ ውስጥ መጥለቅ አለበት። የጋለ የምስማር ራስ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ምክር ሁለተኛ አይጠይቅም።

ስለ ጤናው ብዙ ይወራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የፊንላንድ ጥናት 2,315 ጎልማሳ ወንዶችን ወደ 20 ዓመት ተከታትሎ፣ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞታቸው ዕድል በሳምንት አንዴ ከሚገቡት ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ደስ ይላል። ግን ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ፊንላንዶች ናቸው። ጤናማ ሰው ስለሆነ ይሆናል ደጋግሞ የሚገባው። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሐኪሙን ጠይቆ ይግባ። ጠጥቶ መግባት ግን ለማንም አይሆንም። ከሰል ደግሞ በፍጹም። በተዘጋ ክፍል የሚጨስ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። ለዚህ ነው ምድጃው ጭስ ማውጫ፣ ክፍሉ ከታችና ከላይ የአየር መግቢያና መውጫ የሚኖረው።

ወንድሜ «እሺ፣ ሳውናው ይሁን» ብሎ ጻፈ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር።

እማዬ ግን ይህን ሁሉ ወሬ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቆይታለች። የደራ ልጅ ናት። ለእሷ ሙቅ ውሃ ማለት ዋንዛዬ ነው፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለው ፍል ውሃ። ወገቧን ሲያማት አሁንም እዚያው ነው የምትሄደው። ላብ ማለት ደግሞ ወይባ ነው። እኔ በተወለድኩ ጊዜ እንዴት እንደገባች አንድ ጊዜ አጫውታኛለች። ጓዳ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፈረ። ፍም ተደረገበት፣ የወይባ እንጨት ተጨመረበት፣ እሳቱ እንዳይነድ ታፈነ። ገላዋን ቅቤ ተቀብታ አፉ ላይ ተቀመጠች፤ ከአንገቷ በታች ባና ተደረበባት። ጭሱ ከታች ይወጣል፣ ላቡ በጀርባ ይንቆረቆራል፣ ሴቶቹ ዙሪያዋን ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። ስትወጣ ቆዳዋ ቢጫ መስሎ፣ እንደ ሐር ለስልሶ ነበር።

«የፈረንጁን ሠራችሁ» አለችኝ። «የእኔስ የት ነው?»

«እማዬ፣ ሳውናውም እኮ ያልባል።»

«ጭስ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ፎርማኑን ጠየቅኩት። ጉድጓዱን መሬት ላይ ብንቆፍረው ያው መስከረም ላይ ውሃ እንደሚገባበት ሁለታችንም እናውቃለን። ከሳውናው ጀርባ፣ በሦስት በኩል ክፍት በሆነ ዳስ ሥር፣ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ እንሥራና ጉድጓዱ መደቡ ውስጥ ይሁን አለ። ክፍት መሆኑ ለጭሱ ጥሩ ነው፤ ለገመናዋ መጋረጃ ይበቃታል። ዋጋውን ከእማዬ ጋር ራሱ ተነጋገረ። ከእኔ ጋር ሲከራከር እንደዚያ ሲሸነፍ አይቼው አላውቅም።

ወንድሜ የወሩን ሒሳብ ሲያይ «የድንጋይ መደብ ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። እማዬን ጠይቃት አልኩት። ደውሎላት ረጅም ሰዓት አወሩ። ከዚያ በኋላ ስለ መደቡ አልጠየቀኝም። ብሩን ላከ። የወይባውን እንጨት ግን ከገበያ አልገዛም ብላለች፤ ከደራ የሚመጣ ዘመዷን አዝዛለች።